ሃምሳ አለቃ ገመቹ የዳኑ ዕለት

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ጭብጨባው ይጀምራል። የሚመጣው ከደረታችን ላይ ነው፤ ሕጉ «ምስክር» ብሎ ከሚጠራትና ከአንገታችን ዝቅ ብላ ከተለጠፈችው ትንሽ ሳህን። መጀመሪያ አንድ ሰው ያጨበጭባል፣ ቀጥሎ አሥር ሰው፣ ከዚያ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ። ተነስተን ሃያ እርምጃ እስክንራመድ አያቆምም። እኔ እግሬን ለመግጠም አራት ደቂቃ ስለሚፈጅብኝ በየማለዳው አራት ደቂቃ ሙሉ ይጨበጨብልኛል። የተቀዳ ድምፅ እንዳይመስላችሁ። እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ቁርሳቸውን እየበሉ፣ ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት እያለባበሱ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው እኛን ያያሉ፤ ስንዘገይ ያጨበጭባሉ። አገር ያስብልናል ማለት ይህ ነው።

እኔ አስር አለቃ ኤልዳና ስዩም ነኝ። ግራ እግሬን ከጉልበቴ በታች የቆላው ጦርነት ወስዶታል። የቁስለኛ ሆስፒታሎች በ2084 ዓ.ም. ተዘግተው በምትካቸው ተራሮች ሲከፈቱ የትምህርት ቤት ልጅ ነበርኩ፤ ለመክፈቻው በዓል ባንዲራ አውለብልቤያለሁ። ነገሩ ሲጀመር መልካም እንደነበር አልክድም። በጎ ፈቃደኞች ከቤት መውጣት ያቃታቸውን ወታደሮች ተራራ ያወጡ፣ በገመድ ገደል ያወርዱ፣ ወንዝ ያሻግሩ ነበር። ለዓመታት ግድግዳ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች እዚያ ሲስቁ ታይተዋል። ሐኪሙም አብሯቸው ይወጣ ነበር። ከዚያ ተራራው ከሐኪሙ ጋር መሆኑ ቀረና በሐኪሙ ፋንታ ሆነ። መቼ እንደሆነ ማንም በትክክል አይነግራችሁም።

ዛሬ ቁስለኛ ሁሉ ተራራ ይወጣል። አሥራ አንድ ቀን፣ አምስት ጣቢያ፣ አንድ ጫፍ። ጫፉ ላይ ነጭ መስመር አለ፤ መስመሩን ለረገጠ ሰው ደወል ይደወልና «ድኗል» ተብሎ ይመዘገባል። አልወጣም ያለ፣ ወይም ከአምስተኛው ጣቢያ በፊት የቀረ፣ «ፈቃደ ቢስ» ይባላል። የዳነውም ፈቃደ ቢሱም ከዚያ በኋላ ቁስለኛ አይደሉም፤ የጦር ሐኪም አያያቸውም፣ መድኃኒት አይሰጣቸውም። በመካከል አንዲት ጠባብ ቃል አለች፤ «ገና» የምትባል። አምስተኛው ጣቢያ ላይ የምትቀመጠው ሐኪም ገና ነው ብላ ከፈረመች ሰውየው ቁስለኛ እንደሆነ ይወርዳል፣ የጀመረው ሕክምናም ይጠብቀዋል።

እኛ ወደ ላይ የወጣነው ያቺን ቃል ለሃምሳ አለቃ ገመቹ ቶላ ለማምጣት ነበር። ሃምሳ አለቃ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው። ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ሳንባቸው ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል ብረት ቀርቶባቸዋል። ሲስቁ ያስላቸዋል፣ ሲያስላቸው መሐረባቸው ላይ ደም ይታያል። ስምንት ወር የጠበቁት የቀዶ ሕክምና ተራ ሚያዝያ 12 ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቁስለኛ ሆነው መቆየት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ከዳኑ ተራው ለሌላ ሰው ያልፋል፤ ብረቱም እዚያው ይቀራል።

ሦስት ነበርን። ሦስተኛው ኦጁሉ ነው፤ ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ ያጣ፣ ቁመቱ በር የሚያስጎነብሰው፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማያወጣ ሰው። የሚመራን ደግሞ አበረታች ባሮክ ነበር። አበረታች የሥራ መደብ ነው። ባሮክ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የሰፋ የቀድሞ የስፖርት መምህር ሲሆን ጦርነት በዓይኑ አላየም፤ ሆኖም ልቡ እውነተኛ ቅን ነው፣ እንባውም ቅርብ ነው። በእሱ ፊት «አመመኝ» አይባልም። «ግብረ መልስ አለኝ» ነው የሚባለው። መጀመሪያ ቀን ኦጁሉ የሌለው እጁ እንደሚያቃጥለው ሲነግረው ባሮክ እቅፍ አድርጎት ስለ ግብረ መልሱ አመሰገነው። ኦጁሉ ከዚያ ወዲያ ምንም አልነገረውም።

ተራራው በፕሮግራሙ ካርታ ላይ «የዳግም ልደት ጫፍ» ይባላል። ሃምሳ አለቃ ግን አገራቸው ነውና ጋራ ጉዳ ሲሉ ነው የሚጠሩት። የእናታቸው ዘመዶች ከማዶ ሰርግ ሲኖር ቅቤና እህል ተሸክመው በአንድ ቀን ይሻገሩት እንደነበር አጫወቱን። ለአንዳቸውም ደወል አልተደወለላቸውም ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና አንድ የአስታ ዛፍ ሥር ቁጭ አሉ። ወዲያው ደረታቸው ላይ ጭብጨባው ተነሳ። ምስክሯም «አይዞህ ጀግናው፣ ትችላለህ!» አለቻቸው። ምስክሯ ለማንም «እርስዎ» አትልም።

ጭብጨባው የማያስነሳው ሰው ሲገኝ ምስክሯ ትነዝራለች። ለእኔ ንዝረቱ ዝንብ ያረፈብኝ ያህል ነው። የሃምሳ አለቃ ምስክር ግን የተለጠፈችው ብረቱ ካለበት በአራት ጣት ከፍ ብላ ነው። በነዘረቻቸው ቁጥር ጥርሳቸውን ነክሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ፣ አሥር እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ እንደገና ትነዝራቸዋለች። የመጀመሪያውን ቀን እንዲህ ሆነው ነው የዋሉት። ለባሮክ ነገርነው፤ ባሮክም ጋሼ ገመቹ ከራሳቸው ጋር እየታገሉ ስለሆነ ትግላቸውን አንንጠቃቸው አለ። 

እዚህ ላይ ስለ ጦር ክፍላችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ጋ የጥበቃ ተረኛ የታመመ እንደሆነ አለቃ አይሰማም፣ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ቀጣዩ ሰው ዝም ብሎ ይነሳና የታመመውን ሰው ካፖርት ለብሶ በእሱ ቦታ ይቆማል። ካፖርቱን መልበስ ግድ ነው፤ ከሩቅ የሚያይ አለቃ ያው ሰውዬ መስሎት እንዲያልፍ። ሲነጋ ካፖርቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ማንም አያመሰግንም፣ ማንም አያነሳውም። ሃምሳ አለቃ ገመቹ ወባ የጣለውን የማያውቁትን ምልምል ካፖርት ሳይቀር ሲለብሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የእኔንም ለብሰዋል።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ድንኳን ውስጥ ኦጁሉ ምንም ሳይናገር በአንድ እጁ የሃምሳ አለቃን ምስክር ፈታና ከራሱ ምስክር ጎን ለጠፋት። ሸሚዙን ቆልፎ ወጣ። ሃምሳ አለቃ ምስክር የሌለበት ደረታቸውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ፤ ከዚያ ረጅም አየር ሳቡ። ከሰዓት በኋላ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

ቀላል ነበር፤ ነገሩን ያበላሸውም ቅለቱ ነው። በላያችን የሚያንዣብቡት ካሜራዎች የሚከተሉት ምስክርን እንጂ ፊትን አይደለም። ሃምሳ አለቃ በራሳቸው እርምጃ፣ ሲሻቸው እየተቀመጡ፣ ሲሻቸው የሚያውቁትን ቅጠል እየቀጠፉ ይከተሉናል። ባሮክ የምስክሮቻችንን ቁጥር የሚያሳየውን ሰሌዳውን እያየ ከፊት ይሄዳል፤ ዞር ሲል ሃምሳ አለቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል፣ ሰሌዳው ግን ቀዳሚ ናቸው ይለዋል። ስለዚህ ፍጥነት ተርፏቸው ለእኛ ሲሉ የሚዘገዩ ይመስለዋል። የኦጁሉ ረጃጅም እግሮችና የእኔ የሃያ ስድስት ዓመት ልብ ተባብረው በአራተኛው ቀን ሃምሳ አለቃ ገመቹን ከአገሪቱ ተጓዦች ሁሉ ሦስተኛ አደረጓቸው። ባሮክ አለቀሰ። የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሃምሳ አለቃን ክንፍ አውጥተው የሚያሳይ ሥዕል ላኩ። ሃምሳ አለቃ ሥዕሉን አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ፣ እኛም ሳቅን።

እንዴት አላሰባችሁበትም ትሉኝ ይሆናል። አስበንበታል። ሐኪሟ አለች ብለን ነው። ግንባር ላይ የምናውቀው ሐኪም ጥይት በሚያፏጭበት ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክኮ ጆሮውን ደረትህ ላይ የሚያሳርፍ፣ ምላስህን አውጣ የሚል፣ መሐረብህን ገልጦ የሚያይ ሰው ነው። የምስክሯ ነገር ለተመልካችና ለባሮክ ነው፤ ሐኪም ሰውየውን ታያለች፤ እሳቸውን ያየ ደግሞ ገና ነው ከማለት ሌላ የሚለው የለም ብለን እርግጠኞች ነበርን። ቂሎች ነበርን።

አምስተኛው ጣቢያ የደረስነው በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል አንዲት ነጭ ድንኳን ተተክላለች። ዶክተር ፌቨን ካፖርቷን እንደለበሰች አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰሌዳ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ሌላ ዕቃ አልነበራትም፤ የልብ ማዳመጫ እንኳ። ሃምሳ አለቃ እፊቷ ሲቆሙ ቀና አላለችም። ልብ ጥሩ፣ እስትንፋስ ጥሩ፣ ፍጥነት እጅግ ጥሩ ብላ አነበበችና ነገ ወደ ጫፉ እንደሚወጡ ነገረቻቸው። ሃምሳ አለቃ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ፊታቸውን ያየችው።

ሁሉንም ነገርኳት። ምስክራቸውን ማን መቼ እንደለበሰ፣ ካፖርቱንም፣ ወባውንም፣ ሚያዝያ 12ንም። ኦጁሉ ሸሚዙን ገልጦ ሁለቱን ምስክሮች አሳያት። 

«አምናችኋለሁ» አለች። «ግን እኔ የምፈርመው ምስክሯ ባለችው ላይ ነው።»

«እሺ እሱ ይቅር፤ ጆሮሽን ደረታቸው ላይ አድርጊና ስሚ» አልኳት።

«ብሰማስ? የሰማሁትን የት አደርገዋለሁ?» ሰሌዳዋን ወደ እኔ አዞረችው። እውነቷን ነው፤ ሐኪም የሚጽፍበት ቦታ አልነበረውም። ከታች ሦስት ቃላት ብቻ ተደርድረዋል፤ «ገና» የምትለዋ ደብዝዛ፣ ስትነካት እንቢ ትላለች።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መንገዱን ነገረችን። ነገ ሃምሳ አለቃ ምስክራቸውን ራሳቸው ይልበሱ። ከጣቢያው እስከ መስመሩ ሦስት ሰዓት ነው። ማንም እንዳይደግፋቸው፣ ማንም ዕቃቸውን እንዳይዝላቸው። እስትንፋሳቸው ሲወርድ ምስክሯ ራሷ ትመሰክራለች፣ ያኔ «ገና» የምትለው ቃል ትበራለች፣ ዶክተሯም እዚያው ሰሌዳዋ ላይ ትፈርማለች። መስመሩን እንዳይረግጡ ብቻ። መሐረቡን አጣጥፋ መለሰችላቸው። 

ለባሮክ አልነገርነውም። የሌላ ሰው ምስክር መልበስ ፈቃደ ቢስ ያሰኛል፤ ባሮክም ምስጢር የሚይዝ ሆድ የለውም። ይህ ሁለተኛው ስህተታችን ነው፤ የእኔ ሐሳብ ስለነበር በእኔ ይመዝገብ።

በማግስቱ ያየሁትን ወደፊትም አልረሳውም። አንድ የታመመ ሰው ከእኛ አምስት እርምጃ ቀድሞ ዳገት ይወጣል፣ እኛ እጃችንን ኪሳችን ከተን እንከተላለን። ኦጁሉ አንዱ እጁ ሁለት ጊዜ ሳያስበው ከኪሱ ወጥቶበት መለሰው። ይባስ ብሎ ሃምሳ አለቃ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው ነው የሚሄዱት። ቀስ ይበሉ፣ ይቀመጡ፣ ምን አስቸኮለዎት አልኳቸው በሹክሹክታ። ሠላሳ ዓመት ሰልፍ ፊት ሄጃለሁ፣ ሕዝብ እያየኝ ማነከሱን አላውቅበትም አሉኝ። ምስክሯም የመጀመሪያውን ሰዓት ሙሉ ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ ስትል ቆየች። ሊድኑብን ነው ብዬ ፈራሁ።

ሁለተኛው ሰዓት ላይ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። ሦስተኛው ላይ እርምጃቸው ሁለት ሁለት ሆነ። ጭብጨባው አልተቋረጠም፤ ንዝረቱም። መስመሩ ሲታየን፣ ከአርባ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት፣ ሃምሳ አለቃ መጀመሪያ በአንድ ጉልበታቸው ቀጥሎ በሁለቱም ተንበረከኩ። ምስክሯ ጭብጨባዋን አቋረጠች። ሰው ወድቆ ዝም ስትል በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ቀላችና «ገና» አለች። በቀይ መብራት እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ዶክተሯ ከታች እየፈረመች ነው ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ባሮክም ሰሌዳውን እያየ ነበር። ከአገር ሦስተኛ የወጡት ጋሼ ገመቹ አርባ እርምጃ ሲቀራቸው ሊቀሩ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። «አይሆንም፣ እኔ እያለሁ አይሆንም!» ብሎ ሮጠና ሃምሳ አለቃን እንደ ሕፃን አንስቶ ጀርባው ላይ አዘላቸው።

ጮኽኩ። አስቀምጣቸው አልኩት። ከእኔም ከኦጁሉም ደረት ላይ ጭብጨባው ፈንድቶ ድምፄን ዋጠው፤ አገር ሙሉ ቆሞ እያጨበጨበ ነበር። ሮጥኩ። በዚያ እግር እሮጣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሮጥኩ። ኦጁሉ በረጅም እግሩ ቀደመኝ። በመጨረሻ ሁለታችንም ባሮክን ከኋላ በጃኬቱ ያዝነው፤ እሱ ግን በሬ ነው፣ እየጎተተን ሄደ። ደወሉ ሲደወል ቀና ብዬ አየሁ። መስመሩ ከኋላችን ነበር፤ ደወሉ የዶክተሯን ፊርማ ቀድሞታል። አንዴ ለሃምሳ አለቃ፣ አንዴ ለኦጁሉ፣ አንዴ ለእኔ ተደወለ። የመጨረሻዎቹ አርባ እርምጃዎቼ የዓመቱ ፈጣን ተብለው እንደተመዘገቡልኝ በኋላ ነገሩኝ።

ባሮክ ሃምሳ አለቃን ቀስ አድርጎ አወረዳቸው። ፊቱ በእንባ ርሷል። ሃምሳ አለቃ መሬት ላይ ተቀምጠው አየር ፈለጉ፣ አገኙ፣ ከዚያ ወደ እሱ ቀና አሉ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት። «ከባድ ነኝ።»

ያን ስሰማ የባሮክን ኮሌታ ጨመደድኩ። ብረቱን፣ ተራውን፣ ምስክሯን፣ ሁሉንም በፊቱ ላይ ተፋሁት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። የገባው ይመስለኛል። ግን የመለሰልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አርባ እርምጃ እኮ ነበር የቀራቸው» አለኝ። ሃምሳ አለቃ ተይው፣ ክፉ አላሰበም አሉኝ።

ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ዶክተሯ ደግ ናት፣ ባሮክ ደግ ነው፣ ልጁን ለትምህርት ቤት እያለበሰ የሚያጨበጭበው ሰው ደግ ነው፣ ክንፍ የሳሉት ሕፃናት ደጎች ናቸው። እኔ ወታደር ነኝ፤ ጠላት ካለ የት እንዳለ አሳዩኝና ላድፍጥበት። በደግ ሰው በተሞላ አገር ውስጥ ሰውን አዝሎ ወደ ሞቱ የሚያሻግር ሥርዓት ማን ሠራው ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ወደ ሰሌዳው ይጠቁመኛል። ሰሌዳውን ደግሞ ጨምድጄ አልይዘው፤ ኮሌታ የለውም።

የዳነ ሰው ጫፉ ላይ አያድርም። ምስክሮቻችንን ሰበሰቡ። የጉዞ እግሬንም ወሰዱት፤ ለሚቀጥለው ተጓዥ ነው። በምትኩ የቤት እግር የሚሉትን ጠንካራ ላስቲክ ሰጡኝ። ለሦስታችንም «ድኛለሁ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነጭ ሹራብ አለበሱንና በማዶ በኩል ባለው መንገድ በአውቶቡስ ከተራራው ሥር ካለችው ከተማ አራገፉን። ኦጁሉ የጦር ሕክምና ክፍሉን ጠየቀ። የሚያዝያ 12 ተራ ለሌላ ሰው ተላልፏል አሉት። ሃምሳ አለቃ ሌሊቱን ሲያስላቸው አደረ፤ ጠዋት መሐረቡ ሳይሆን ሹራቡ ነው የቀላው።

ወደ ከተማዋ ሆስፒታል ወሰድናቸው። የመዝገብ መስኮቱ ጀርባ መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ተቀምጣለች። የሃምሳ አለቃን ጣት አስነካችና ሰሌዳዋን አነበበች።

«ድነዋል ይላል።»

«ደም እየተፉ ነው» አልኳት።

«አያለሁ፣ እህቴ። ግን ደሙ ከዳነ ቁስል ነው የሚመጣው። የዳነ ቁስል ስጽፍ ሰሌዳው አይቀበለኝም።» መነጽሯን አወለቀች፤ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው፤ ሦስታችንንም አንድ በአንድ አየችን። «አዲስ ጉዳት ቢሆን ግን እመዘግባለሁ። ዛሬ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ምንም አይከለክለኝም።»

 መስኮቱን አልዘጋችውም።

ወጣን። ከግቢው አጥር ሥር አበባ መደብ አለ፤ ዙሪያው በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች ተከቧል። ሃምሳ አለቃ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ነጩን ሹራብ በቀኝ እጃቸው እየጎተቱ አወለቁና ጥቅልል አድርገው ጥርሳቸው መሐል ሊያስገቡ ሲሉ ገባኝ። ኦጁሉም ገብቶታል፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። በግራው መምታት እንደማይሆንለት እናውቃለን። ተረኛዋ እኔ ነኝ።

«አስር አለቃ» አሉኝ።

አልተንቀሳቀስኩም።

«ግራ ትከሻዬን ነው። ራጅ ሲያነሱት ብረቱም አብሮ ይታያል፤ ካዩት አይተዉትም። ትዕዛዝ ነው።»

ጦርነት ውስጥ አምስት ዓመት ቆይቻለሁ። ሰው ላይ ተኩሻለሁ፣ የወደቀውንም አይቻለሁ። አንድ ቀን የገዛ አለቃዬን፣ ካፖርቴን የለበሱልኝን ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ አበባ መደብ አጠገብ በድንጋይ እመታለሁ ብሎ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ድንጋዩን አነሳሁ። የመጀመሪያው ምት አልሰበረም፤ እጄ ሰንፎብኝ ነው። እሳቸው በአፋቸው ሹራብ ይዘው ዓይናቸውን ከዓይኔ አልነቀሉም፤ ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ ድገሚው ማለታቸው ነው። ሁለተኛው ሰበረ። ድምፁን ሰማሁት።

ኦጁሉ በአንድ እጁ ደግፎ አስነሳቸው። ወደ መስኮቱ ተመለስን። ሴትዮዋ የተንጠለጠለውን ክንዳቸውን አየች፣ ኖራ የነካውን እጄን አየች፣ መነጽሯን አደረገች።

«ምክንያት?»

«በድንጋይ ተመተው።»

«ማን መታቸው?»

«እኔ» አልኳት። ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት፤ ፊደሉን እየቆጠረች ጻፈችው። ሰሌዳዋ ተቀበላት። ከወንበሯ ተነስታ በጎን ያለውን በር ራሷ ከፈተችና ወደ ውስጥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልጋ አምጡ፣ ቁስለኛ መጥቷል አለች። ደወሉ ከተደወለ ወዲህ ሃምሳ አለቃ ገመቹን በዚያ ስም የጠራቸው የመጀመሪያ ሰው እሷ ነበረች።